መሰንቆዋን ማን ሠራት?

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ንፋስ መውጫ የሄድኩት አንዲት መሰንቆ ታቅፌ ነበር። ከአዲስ አበባ መሰንቆ ይዞ ጋይንት መግባት ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ያኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ፣ መሰንቆዋንም ከገዛኋት ገና ሳምንት አልሞላኝም፣ ከዓይኔ እንድትርቅ አልፈለግኩም። የገዛኋት ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው፤ የሱቁ ስም ይቅር። ቫርኒሿ ያብረቀርቃል፣ ቆዳዋ ላይ ዓይናቸው ፈጠጥ ፈጠጥ ያሉ መላእክት ተስለዋል፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክር ተጠምጥሟል። ችግሯ አንድ ብቻ ነው። አትጮህም።

ከባሕር ዳር የተነሳው አውቶቡስ ወረታንና ደብረ ታቦርን አልፎ ጉናን እየታከከ ሲወጣ መሰንቆዋ ጭኔ ላይ ነበረች። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ስሟ ላይ ማጋነን የለም፤ ከአውቶቡስ ወርጄ ነጠላዬን እስካስተካክል ድረስ ሁለት ጊዜ ከላዬ ሊወስደው ሞክሯል።

ከአንድ ጠላ ቤት አንድ አዛውንት አዝማሪ ጋር አገናኙኝ። ስማቸውን የማልጽፍበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። መሰንቆዬን ተቀብለው በጣታቸው ጫፍ ቆዳውን ጠቅ ጠቅ አደረጉት፤ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ሳቁ።

‹‹ይቺ ለግድግዳ ናት ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ማን ሠራት?››

‹‹ከሱቅ ነው የገዛኋት አባባ።››

‹‹ሱቅ መሰንቆ አይሠራም።››

ይህቺን መልስ ከያዝኩ ዓመታት አለፉ። ያን ጊዜ አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ፣ በኋላ ሳስበው የአንድ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ማን ሠራት? በዓለም ላይ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ደብተር ተገልጦ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለ። እኛ ዘንድ ግን ደብተሩ አልተከፈተም።

ደብተሩ ያለበትን ላሳያችሁ። ኒው ዮርክ፣ ኬንሜር ጎዳና። ጆን ዲአንጀሊኮ የሚባል የጣሊያን ስደተኞች ልጅ እ.ኤ.አ. በ1932 የራሱን የጊታር መሥሪያ ከፈተ። ሙያውን የተማረው ማንዶሊንና ቫዮሊን ይሠራ ከነበረ ዘመዱ ነው። የሚሠራው ጊታር ‹አርክቶፕ› ይባላል፤ ደረቱ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ ማለት ነው። ይህንን ጉብታ የሚያገኘው እንጨቱን በማጉበጥ ሳይሆን ከወፍራም ሳንቃ በመጥረብ ነው። ፊቱ ስፕሩስ ከሚባል የፈረንጅ እንጨት፣ ጀርባውና ጎኑ ከሜፕል። ሠሪው ይጠርባል፣ በጣቱ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጠርባል። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ማስመሪያ ሳይሆን ጆሮው ነው። (አዛውንቱ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉ ያየሁትን ነገር ስም ያገኘሁለት ይህንን ሳነብ ነው።) ዲአንጀሊኮ እያንዳንዱን ጊታር ቁጥር ሰጥቶ በደብተር ይመዘግብ ነበር፤ ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ ማን እንደወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1964 በ59 ዓመቱ ሲሞት ደብተሩ ውስጥ የነበሩት 1,164 ጊታሮች ናቸው። ጀምሮ የተዋቸውን የጨረሰለት ደቀ መዝሙሩ ጂሚ ዲአክዊስቶ ሲሆን፣ እሱም በራሱ ስም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው በ59 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ እነዚህ ጊታሮች እንደ ሥዕል ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የነዚህን ሠሪዎች ሥራ የያዘ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ስኮት ቺነሪ የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ፣ ዲአክዊስቶ በሠራለት አንድ ሰማያዊ ጊታር ልቡ ተነክቶ፣ 22 ሠሪዎችን እየጠራ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰማያዊ አርክቶፕ እንዲሠሩለት አዝዞ ነበር። ቅብጠት ነው። ግን ልብ በሉ፤ የታዘዙት ሃያ ሁለት ጊታሮች ሳይሆኑ ሃያ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አርክቶፕ የተወለደው ደግሞ ከጩኸት ችግር ነው። ኦርቪል ጊብሰን በሚሺገኗ ካላማዙ ከተማ የተጠረበ ደረት ያላቸውን ማንዶሊኖችና ጊታሮች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲጀምር፣ ሎይድ ሎር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ‹ኤል-5› የተባለውን ጊታር በ‹ኤፍ› ፊደል ቅርጽ ሁለት ቀዳዳ አድርጎ ለጊብሰን ኩባንያ ሲያወጣ፣ የጊታር ማጉያ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ጊታር በመለከትና በከበሮ መሀል ተቀምጦ እንዲሰማ ከተፈለገ እንጨቱ ራሱ መጮህ ነበረበት። እኛ አገር ጊታር በባንዶች እጅ በብዛት ሲገባ ግን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሆኗል። ስለዚህ አርክቶፕን ሳናውቀው አለፍነው።

አለፍነው ወይ? እዚህ ላይ የአዛውንቱን እጅ ልጥራ።

ተራው ጊታር፣ ማለትም ሁላችንም ግቢ ውስጥ ስናየው ያደግነው ደረተ ጠፍጣፋው፣ ክሩን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት ደረቱ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ክሩም እዚያው ላይ ይታሰራል። አርክቶፕ ግን እንዲህ አይደለም። ያቺ እንጨት አልተለጠፈችም፤ ክሩ ከላይዋ አልፎ እስከ ጊታሩ ጭራ ድረስ ወርዶ ይታሰራል፣ እሷን የሚይዛት የክሩ ጭነት ብቻ ነው። ክሩን ብታላሉት እንጨቷ ትወድቃለች። ድምፁ ደረቅ፣ ፈጣን፣ ቶሎ ተናግሮ ቶሎ የሚሰበሰብ የሚሆነው በዚህ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ።

አሁን መሰንቆን ተመልከቱ። የፈረስ ጭራው ከላይ ከመቃኛው ተነስቶ ቆዳው ላይ በቆመች ትንሽ እንጨት ላይ ያልፍና ከሳጥኑ ሥር ባለው የእንጨቱ ጫፍ ይታሰራል። ትንሿ እንጨት አልተለጠፈችም። የምትቆመው በጭራው ጭነት ነው። ጋይንት ውስጥ ጠላ ቤት የሚዞር አዝማሪ ይዞት የሚዞረው አሠራር በመርሁ ከዲአንጀሊኮው የተለየ አይደለም። ‹ፈረንጅ ከእኛ ቀዳ› ልል አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ጽሑፎች በዝተው ሰልችተውኛል። ክር ቆጥቦ ብዙ ጩኸት ማግኘት የፈለገ ሰው የትም ቢሆን እዚያው መፍትሔ ላይ ይደርሳል ነው የምለው።

ልዩነታቸውም ግልጽ ነው። የመሰንቆ ድምፅ ሳጥን ከአራት ሳንቃ የተገጠመ፣ በአራት ማዕዘኑ የቆመ ነው፤ ላዩ ቆዳ ይለብሳል፣ ብዙውን ጊዜ የፍየል። ክሩ አንድ ነው፣ አንድ ሲባል ግን ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት የተያዘ። ደጋኑም በጭራ የተወጠረ ስለሆነ ጭራ በጭራ ላይ ይፋተጋል፤ እንዳያንሸራትት ሙጫ ወይም ዕጣን ይቀባል። ጣት ደግሞ ክሩን እንጨት ላይ አይጫነውም። አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል። ጊታር ላይ ድምፁ የት እንዳለ የሚያሳዩ የብረት እርከኖች አሉ፤ መሰንቆ ላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ትዝታው የት እንዳለ፣ አምባሰሉ የት እንደሚጀምር ጣት ራሱ ማወቅ አለበት፤ መቃኛውም የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። የዕቃው ጥራት የሚለካውም ከዚሁ ነው። ቆዳው ስስና እኩል የተወጠረ ከሆነ ይመልሳል፣ ወፍራም ከሆነ ይውጣል። የእኔዋ ቆዳ ላይ ቀለም ነበር፣ ቀለሙ ላይ ቫርኒሽ ነበር። ሰው ካቦርት ለብሶ እስክስታ እንደመውረድ ቁጠሩት።

ቆዳ ደግሞ እንደ ስፕሩስ አያረጅም። ጊታሩ በዕድሜው ብዛት ድምፁ ይበስላል እየተባለ ዋጋው ይወጣል። ቆዳ ግን ክረምት ይላላል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ በየጊዜው ይቀየራል። ጭራው ይበጠሳል፣ ይተካል። አንድ መሰንቆ ሃያ ዓመት ከተጫወተች በመጀመሪያው ቀን ከነበሯት ነገሮች የቀሩት ሳንቃዎቹና አንገቷ ናቸው። ይህንን ችግር ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ያየ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን የጻፈው ደብዳቤ ቻርልስ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስድስት መሣሪያ ይቆጥራል፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ክራር መሰሉ። የዚህ የመጨረሻው ክር ከጥሬ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ስለሚሠራ ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ በደረቅ ጊዜ እንደሚበጠስ፣ በእርጥብ ጊዜ ድምፁ እንደሚጠፋ ያማርራል።

ከዚሁ ደብዳቤ ሁለት ነገሮች ገርመውኛል። አንደኛ፣ ‹መሰንቆ› የሚለውን ስም የሚሰጠው በደጋን ለሚገረፈው ሳይሆን በጣት ለሚመታው ለዚያ ክራር መሰል ነው። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለችው መሰንቆም ዛሬ አዝማሪው የሚይዛት አይደለችም። ስሟ እንኳ ከሌላ ተወስዶ የተሰጣት ዕቃ ናት። ሁለተኛ፣ ጊታር! ብሩስ ከዓረቢያ ለንግድና ለሐጅ ደርሰው የሚመለሱ ሙስሊሞች እጅ ላይ ጊታር አልፎ አልፎ እንደሚታይ ጽፏል። እኔ ዑድ ይመስለኛል፤ ግን ያም ሆነ ይህ አንገት ያለው ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ጎንደሮች ከመሐሪ ብራዘርስም ከሮሃም በፊት አይተው ነበር ማለት ነው።

አንድም ቦታ ላይ ግን ‹ይህን የሠራው እከሌ ነው› የሚል የለም። ብሩስም አልጠየቀ፣ የነገረውም የለም።

‹የእጅ ሠሪ ስም በዚያ ዘመን ማን ይጽፋል?› ትሉኝ ይሆናል። ይጻፋል። ከንፋስ መውጫ ወደ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ። ሠሪዎቹ እነማን ነበሩ? ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል። ስማቸውን በየመጽሐፉ ታገኙታላችሁ። መድፉ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ድረስ በዚሁ በጋይንት መንገድ፣ በጨጨሆ አልፎ ወደ መቅደላ ተጎተተ። ጎታቾቹን ያበረታ፣ ያሞገሰ፣ ያላገጠ አዝማሪ በሠራዊቱ ውስጥ አልነበረም ብሎ የሚምል ጋይንቴ አላውቅም። መድፉ ግን አንዴ እንኳ በወጉ ሳይተኩስ ሠሪዎቹ ታሪክ ውስጥ ገቡ። ስንት ሌሊት ያነቃች መሰንቆ ሠሪ ግን የለውም።

ምክንያቱን እናውቀዋለን፣ ማውራቱ ነው የሚከብደን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ‹ቡዳ›፣ ሸክላ የምትሠራዋን በክፉ ስም፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሌላ፣ አዝማሪውን ደግሞ ‹አዝማሪ› በሚለው በራሱ በስሙ ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ እስከመሆን ደርሶ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተዋል። በነዚያው ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄዶ በርሊን ላይ ድምፁን በሸክላ አስቀዳ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች ናቸው። ድምፁ ስም አገኘ ማለት ነው። እንጨቱ ገና ነበር።

ገና ሳለ ደግሞ ሌላ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ፋሺስቶች ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እየለቀሙ እንዲገደሉ አዘዙ። ወሬ ያዛምታሉ፣ ሕዝብ ያነሳሳሉ ተብለው ነው። ጋዜጠኝነት የተማርኩ ነኝና ይህቺን ስጽፍ እጄ ከብዷል። አዝማሪ ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን ራሱ ይሠራል ወይም ከዘመዱ ይወርሳል፤ እሱ ሲሞት የሚሞተው ዘፋኝ ብቻ አይደለም። ቆዳው በየትኛው ውፍረት ላይ መፋቁ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ጣትም አብሮ ይሞታል።

ሰብሳቢዎችም መጥተዋል፤ የመጡት ግን ለሠሪው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች የዳካር-ጂቡቲ ጉዞ ጎንደር ወራት ቆየ። ከዳካር ጀምሮ የሰበሰቡት ዕቃ ከ3,000 በላይ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉበት፣ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነሱት ሥዕሎችም አሉበት። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ለየዕቃው ካርድ እንዲሞላ የሚያዝ መመሪያ ነበራቸው፤ የት እንደተገኘ፣ መቼ፣ በማን እንደተሰበሰበ። ካርዱ የአምጪውን ስም ጠብቋል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየማችንም መሰንቆና ክራር በመስታወት ውስጥ ያሳየናል። ተማሪ ሆኜ ስመላለስበት ‹የእገሌ ብሔረሰብ መሣሪያ› የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ አልፍ ነበር። ብሔረሰብ ፍየል አይገፍፍም። አንድ ሰው ነው የገፈፈው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ።

መሰንቆዬን ሊያድኗት ተስማማን። ያረፍኩት ዘመድ ቤት ስለነበር ሁለት ቀን ጨመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጭራውን አላልተው ትንሿን እንጨት አወለቁና የተሳለበትን ቆዳ በቢላ ዙሪያውን ቀደዱት። መላእክቱ መሬት ላይ ወደቁ፤ ትንሽ ከፋኝ፣ ብር ነዋ የከፈልኩባቸው። ሳጥኗ ባዶ ሆና ስትታይ ውስጧ ላይ የእርሳስ መስመር፣ የሙጫ ጠብታ፣ ከአንድ ሳንቃ ጋር የቀረ ሰንጣራ ነበር። አዛውንቱ በአውራ ጣታቸው ግጥሚያውን ዳሰሱና ‹‹እንጨቷስ ደህና ናት፣ እጅ ያለው ሰው ነው የገጠማት። ቆዳውን ያለበሰው ግን ሌላ ነው›› አሉ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ጋይንት ስለዚያ ሰው የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው። እጅ ያለው ሰው።

አርክቶፕ ጊታር ላይ በ‹ኤፍ› ቀዳዳው አሾልቃችሁ ብታዩ ከውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ታነባላችሁ፤ የሠሪው ስም፣ ቁጥሩ። መሰንቆ ግን ተሸፍና ነው የምትኖረው። ስም የሚጻፍበት ጊዜ ቢኖር ቆዳው ወልቆ ሌላው እስኪለብስ ያለው ያ አንድ ቀን ነው። የፍየሉ ቆዳ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ አድሯል። በማግስቱ ጠዋት እስክሪብቶ አውጥቼ ‹‹አባባ፣ ስምዎን ውስጧ ልጻፍ›› አልኳቸው።

‹‹የምን ስም?››

‹‹የርስዎን ነዋ። እርስዎ ሠሯት ተብሎ እንዲታወቅ።››

‹‹እኔ አልሠራኋትም። ቆዳ ነው ያለበስሁ። የሰው ሥራ ላይ ስሜን ጽፈሽ ከሰው ልታጣይኝ ነው?›› አሉ፤ ቀልድ አልነበረም። ‹‹እዚያ ጋዜጣችሁ ላይም እንዳትጽፊው።››

ተከራከርኩ። ለሳንቃው ሠሪ አንድ መስመር፣ ለእርሳቸው አንድ መስመር ልተው አልኩ። ጥቂት አሰቡና ‹‹እንግዲያው የሱን ቦታ ክፍት ተይለት›› አሉኝ። ስለዚህ ከውስጥ፣ ከታችኛው ሳንቃ ላይ፣ ‹ሠሪ› ብዬ ጽፌ ፊት ለፊቱን ባዶ ተውኩት። ከሥሩ ‹ቆዳ የለበሰችው ንፋስ መውጫ፣ ጥር 2012 ዓ.ም.› አልኩ።

አዛውንቱ ቆዳውን ከባልዲው አውጥተው አራገፉት፣ ጫፍ ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው ወጠሩት፣ ከዚያ ሳጥኗ ላይ አልብሰው ዙሪያዋን በጠፍር መስፋት ጀመሩ። ሲጨርሱ ደጅ፣ ንፋሱ በሚያገኛት በኩል፣ አጥሩ ላይ ሰቀሏት። ‹‹ማታ ትናገራለች›› አሉኝ።